ቀለበት ያላቸውን ስደተኛ የውሃ ወፎች ከደሴና ከኮምቦልቻ አጠገብ እንዴት እንከታተል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከሩሲያ የመጡ እንግዶች ቅርባችሁ አሉ። እነሱ አገር በረዶ ሲሆን እኛ ዘንድ ዝናቡ አባርቶ፣ እህሉ እየተሰበሰበ ይቆያቸዋል። ነጭ ሽመላ ይመጣል። ዳክዬ በየዓይነቱ ይመጣል። ጭቃ ዳር የሚሯሯጡት ባለ ቀጫጭን እግር ትንንሽ ወፎች ይመጣሉ። ዕድል ሲቀና ሲጋል የሚባለው የባሕርና የሐይቅ ዳር ወፍም ይገኛል። ከእነዚህ መካከል የጥቂቶቹ እግር ላይ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ላይ ደግሞ ፊደልና ቁጥር ተጽፏል። ኮዱን ከሩቅ በትክክል ካነበባችሁት፣ ወፏን ሳትነኳት የት እንደታሰረላት፣ መቼ እንደታሰረላት፣ ከዚያ ወዲህ ማን የት እንዳያት የቀለበቱን መዝገብ የሚይዘው ማዕከል ይነግራችኋል።

ነገሩ የቆየ ነው። ቁጥር የተጻፈበትን የአሉሚኒየም ቀለበት ለወፍ ማሰር የጀመረው ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ነው፤ በፈረንጆቹ 1899። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት የታሪክ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ሽመላ ብርዱን ሸሽቶ አፍሪካ እንደሚወርድ ያሳበቀው አንድ ምስኪን ወፍ ነበር። በ1822 ጀርመን ውስጥ ክሉትስ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተገኘ፤ አንገቱ ላይ የአፍሪካ ጦር እንደተሰካ ነው ያን ሁሉ መንገድ በርሮ የተመለሰው። ዛሬም ደርቆ ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ቀለበቱ ከጦሩ ይሻላል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አቋሜን ልንገራችሁ። ብርቅ ወፍ ፍለጋ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ሰው ጥሩ ፎቶ ሊኖረው ይችላል፤ ለእውቀት የሚረባ መዝገብ ግን አይኖረውም። አንድ ውሃ ዳር ይዞ በየሳምንቱ የሚመላለስና ያላነበበውን ፊደል የማይገምት ሰው ይበልጠዋል። የሚከተለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. ቦታ ምረጡ፣ ከዚያ ሙጭጭ በሉበት

የመጀመሪያው አማራጭ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሎጎ ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መነኻሪያ ሄዳችሁ የሐይቅ ሚኒባስ መያዝ፣ ከዚያ በባጃጅ ወይም በእግር ወደ ውሃው መውረድ። ጥልቅ ሐይቅ ስለሆነ ጭቃ ላይ የሚመገቡ ወፎችን በየዳርቻው ሁሉ አታገኙም። ውሃው ጠለል ያለበትን፣ ደንገል ያለበትን፣ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን የሚያራግፉበትን ጥግ ፈልጉ። ሲጋል ዓሣ የሚጸዳበትን ቦታ አይስትም።

እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ምድር ወደ ውሃው ገባ ስለሚል እይታው ጥሩ ነው። ግን ቦታው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን አንስቶ፣ የታወቀ ገዳም ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም። ወንዶችም ብትሆኑ ቴሌስኮፕ ተሸክሞ ዝም ብሎ መግባት ነውር ነው። «አባ ይፍቱኝ፣ የውሃ ወፍ ልናይ ነው የመጣነው፣ የት ብንቆም ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተፈቀደ ሌላ ዳርቻ ሞልቷል።

አርዲቦ ከሎጎ ከፍ ብሎ ያለ ሐይቅ ነው፤ ውሃውም ወደ ሎጎ ይወርዳል። ጸጥ ይላል፣ ግን መንገዱ ይበልጥ ያደክማል። በየሳምንቱ የምትችሉት ካልሆነ አትጀምሩት።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ቦርከና ወንዝ አለ። ከከተማው ዝቅ ብሎ ወደ ከሚሴ አቅጣጫ የጨፋ ረግረግ ይጀምራል። ሽመላ ክፍት ሣር፣ ከብትና ውሃ አንድ ላይ ያለበትን ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ ልባችሁ ሽመላ ላይ ከሆነ ከሐይቁ ይልቅ ጨፋ ያዋጣችኋል። ከተማው ውስጥ ወንዙ ከፋብሪካም ከሰፈርም ፍሳሽ ይቀበላል፤ እዚያ ስትሠሩ ቦት ጫማ አድርጉ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዳቦ አትግመጡ። ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢንም አትናቁ። ሲጋልም ሽመላም የሰው ትርፍራፊ ይለቅማሉ፣ ከአባ ኮዳ ጋር ተሰልፈው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ሽታውን ከቻላችሁት እግር ለማየት ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም፤ ሣር አይሸፍነውማ።

ቦታውን ከመረጣችሁ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት መቆሚያ ወስኑ። ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው አቅጣጫ ሂዱ። ይሄ አሰልቺ ይመስላል። ግን የታኅሣሥን ቆጠራ ከየካቲቱ ጋር ማወዳደር የምትችሉት እንዲህ ከሠራችሁ ብቻ ነው።

2. ሰው ሳይጠራጠራችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ

በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የቆመ ረጅም ጥቁር ነገር፣ ከኋላው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያጎነበሰ ሰው። በእኛ አካባቢ፣ በዚህ ጊዜ፣ ይሄ ምን እንደሚመስል እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ቀበሌ ሄዳችሁ አሳውቁ። ከቻላችሁ ከምትሠሩበት ወይም ከምትማሩበት ተቋም ደብዳቤ ያዙ። መታወቂያ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይሁን። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አካባቢ፣ ኬላና ካምፕ ባለበት ቴሌስኮፕ አታውጡ፤ ወፏ ምንም ብርቅ ብትሆን ይቅርባችሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ሳምንት ከሾፌሮች ጠይቃችሁ ውጡ።

ጥርጣሬው የእኛ ብቻ አይደለም። በ2013 ግብፅ ውስጥ ቄና በሚባል ክፍለ ሀገር፣ የመከታተያ መሣሪያ የተገጠመለት አንድ ሽመላ በስለላ ተጠርጥሮ ፖሊስ ጣቢያ አድሯል። ወፏ እንዲህ ከተጠረጠረች ቴሌስኮፕ የያዘው ሰውማ!

መድኃኒቱ ማሳየት ነው። ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ተራ አስይዛችሁ አሳዩዋቸው። እረኛ ሲመጣ ሰላምታ አስቀድሙ። «አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? እቺን ወፍ ይዩልኝ እስቲ፣ እግሯ ላይ ያለው ይታይዎታል?» ካያት በኋላ ጠባቂያችሁ እሱ ነው። ቀለበት ያለው ወፍ የት እንደዋለ የሚነግራችሁም እሱ ነው፤ ከእናንተ ይልቅ ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውለው ማን ሆነና። ማሽላ ጠባቂዎቹንም ተዋወቁ። ወንጭፋቸው ለግሪሳ እንጂ ለሽመላ እንዳይሆን ንገሯቸው። ሽመላ እህል አይበላም፤ አንበጣና ተምች ነው የሚለቅመው። ይህን የሰማ ገበሬ ድንጋዩን ይመልሳል።

3. ዕቃ

ባይኖኩላር፦ 8 በ42 ወይም 10 በ42 የሚባለው ይበቃል (የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል)። ወፍ ለመለየትና ቀለበት መኖሩን ለማየት ነው። ኮድ ለማንበብ ግን ከ20 እስከ 60 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ውድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ሦስት አራት ሆኖ አዋጥቶ መግዛት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ክፍል መዋስ ይሞከር። ያ ካልተሳካ ሩቅ የሚያጎላ ካሜራ ጥሩ ምትክ ነው። ጥርት ያለ ፎቶ አንስቶ ቤት ገብቶ ማጉላት ይቻላል፤ እንዲያውም በፎቶ የተነበበ ኮድ ይበልጥ ይታመናል።

ማቆሚያው ቀላልና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ውድ ቴሌስኮፕም አያነብም። የሐይቅ ንፋስ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። በማቆሚያው መሐል ድንጋይ የሞላ ፌስታል አንጠልጥሉ።

ስልካችሁን ቴሌስኮፑ ዓይን ላይ ደቅናችሁ ቪዲዮ መቅረጽ ተለማመዱ። ቪዲዮ ከፎቶ ይሻላል፤ ወፏ እግሯን ስታዞር የማይታየው ፊደል ለአንድ አፍታ ብልጭ ይላል፣ ያንን ቤት ገብታችሁ አቁማችሁ ታዩታላችሁ። ከዚህ ሌላ ደብተርና እርሳስ። እስክርቢቶ ውሃ ሲነካው ይፈሳል።

4. ቀንና ሰዓት

ሽመላዎች ከአውሮፓ የሚነሱት በነሐሴ አካባቢ ነው፤ የሚመለሱት ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት። መስከረም ላይ የምታዩት መንጋ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ረጋ ብለው የሚቀመጡበት ጊዜ ነው። በየሳምንቱ ካልቻላችሁ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሂዱ። ከታኅሣሥ 23 እስከ ጥር 23 ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ግን እንዳትዘሉ፤ በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ የሚደረገው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚውለው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ስለሆነ ቁጥራችሁ ከሌላው ጋር ይናበባል።

ከቀኑ ሰዓታት ምርጡ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል አየሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በባይኖኩላር አይታወቃችሁም፤ በ40 ጊዜ ስታጎሉት ግን 3ቱ 8 ይመስላል። ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይሻሻላል። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። በሐይቁ ምዕራብ ዳር ከቆማችሁ ጠዋት ፊት ለፊት ትመጣባችኋለች፣ ቀለበቱም ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ጠዋት ቆጠራ ሠርታችሁ፣ ምሳ ዓሣ በልታችሁ፣ የቀለበት ንባቡን ለማታ አቆዩት። የሐይቅ ዓሣ ጥብስ ለመጠበቅ ጥሩ ሰበብ ነው።

5. መጀመሪያ ወፏን እወቁ

ቀለበት አንብባችሁ ዝርያዋን ከተሳሳታችሁ ለማዕከሉ የላካችሁት መልእክት ተመልሶ ይመጣባችኋል፤ ምክንያቱም ያው ኮድ በሌላ ዝርያ እግር ላይ ሊኖር ይችላል።

ነጭ ሽመላ ያስቸግራል ብዬ አላስብም። ትልቅ፣ ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ምንቃሩና እግሩ ቀይ። የዘንድሮ ጫጩት ከሆነ ምንቃሩ ገና ጠቆር ያለ ነው፤ ይህንን ጻፉት፣ ዕድሜ ይናገራል። ከላም ኋላ ከሚሄደው ትንሹ ነጭ ሳቢሳ ጋር የሚያምታታው በጣም ሩቅ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ሲጋል ግን ፈተና ነው። ጀርባው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ፣ እግሩ ቢጫ የሆነው ትልቁ ሲጋል ከፊንላንድ፣ ከሌሎች የባልቲክ ዳር አገሮችና ከሰሜን ሩሲያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወርደው ነው። ቀለበት ለማግኘት ተስፋ የሚጣለው በዚህ ላይ ነው፤ ፊንላንዶች ለብዙ ዓመታት ብዙ አስረውለታል። ልጅ እያለ ቡናማ ዝንጉርጉር ነው፤ ሙሉ መልኩን ለመያዝ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ «ቡናማ ሲጋል» ሌላ ዝርያ እንዳይመስላችሁ። አነስ ያለው፣ እግሩና ምንቃሩ ቀላ ያለ፣ በብርድ ወራት ጆሮው አካባቢ ጥቁር ነጥብ ያለው ደግሞ ሌላው የአውሮፓና የእስያ እንግዳ ነው። ጭንቅላቱ ግራጫ የሆነው ሲጋል የአፍሪካ ነዋሪ ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የታወቀ ነው። ከእሱ የፊንላንድ ቀለበት አትጠብቁ።

6. ቀለበቱን ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው። ቀለበት በሁለት ይከፈላል። አንዱ የብረት ነው። ትንሽ ነው፣ ጽሑፉ ዙሪያውን ይዞራል፣ ስለዚህ በአንድ እይታ ግማሹ ብቻ ይታያል። ከሩቅ ማንበብ ከባድ ነው። ሌላው ባለ ቀለም ፕላስቲክ ነው። ረዘም ያለ ነው፣ ኮዱ አጭርና ትልቅ ነው፣ ከሩቅ እንዲነበብ ታስቦ የተሠራ ነው። በጥሩ ብርሃንና በጥሩ ቴሌስኮፕ ከመቶ ሜትር በላይ ይነበባል። ብዙ ወፎች ሁለቱንም ይይዛሉ። ጭቃ ዳር በሚሯሯጡት ወፎች ላይ ደግሞ ወደ ጎን ዘርጋ ያለ ትንሽ ባንዲራ የሚመስል ታገኛላችሁ፤ የባንዲራው ቀለም የታሰረበትን አገር ይጠቁማል።

መንጋ ስታገኙ ወዲያው ቀለበት ፍለጋ አትግቡ። መጀመሪያ ጠቅላላውን ቁጠሩ። ከዚያ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ እግር በእግር እለፉ፣ የስንት ወፍ እግር በደንብ እንዳያችሁ ለብቻ ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። «200 ሽመላ፣ ቀለበት የለም» እና «200 ሽመላ፣ የ60ዎቹ እግር ታየ፣ ቀለበት የለም» በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ለማንም አይጠቅምም፤ 140ው ሣር ውስጥ ቆሞ ከነበረ ምን እናውቃለን?

ቀለበት አያችሁ እንበል። ወደ ወፏ አትሮጡ። ባላችሁበት ቴሌስኮፑን ተክላችሁ መጀመሪያ ሩቅ እያለች የሚታየውን ጻፉ፦ የትኛው እግር፣ ከአንጓው በላይ ወይስ በታች፣ ምን ቀለም። አንጓ የምለው መሐል እግሯ ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፈውን ነው። አሁን ብትበር እንኳ ባዶ እጃችሁን አልቀራችሁም። ከዚያ በኋላ ቀስ እያላችሁ፣ በቀጥታ ሳይሆን ሰያፍ እየሄዳችሁ ቅረቡ። አንገቷን ሽቅብ ከመዘዘች ቁሙ። ለአንድ ኮድ ብሎ መንጋ ማስነሳት ትክክል አይደለም፤ ያረፉት ለመብላትና ለመንገድ ስንቅ ለመያዝ ነው።

ግራና ቀኝ የወፏ እንጂ የእናንተ አይደለም። ፊቷን ወደ እናንተ ካዞረች ግራ እግሯ በእናንተ ቀኝ በኩል ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን መዝገብ ላይ ከሚበዙት ስህተቶች አንዱ ነው። በልባችሁ ከኋላዋ ቆማችሁ አስቡ።

ወፏ በአንድ እግሯ ቆማ ሌላውን ሆዷ ውስጥ ደብቃ ልትተኛ ትችላለች። ሲጋልም ሽመላም ያደርጉታል። መጠበቅ ነው። ሌላኛውን እግር ሳታዩ «ቀለበቱ አንድ ብቻ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «ቀኝ እግር አልታየም» ብሎ መጻፍ ሙሉ መረጃ ነው።

ሽመላ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፣ ኩሱ። ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ ይጸዳዳል፤ ፈሳሹ ሲደርቅ እግሩን ያቀዘቅዝለታል። ከአውሮፓ ቀይ እግር ይዞ የመጣው ሽመላ እኛ ዘንድ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ የሚመስለው ለዚህ ነው። ኩሱ ቀለበቱ ላይ ይጋገርና ኮዱን ይሸፍነዋል። ጥቁር ቀለበት ላይ ነጭ ፊደል ከሆነ ደግሞ ነጩ የቱ ፊደል የቱ ኩስ እንደሆነ ይጠፋል። ሽመላው ውሃ ውስጥ ገብቶ እስኪራመድ ጠብቁ፤ ከአንጓው በታች ያለ ቀለበት ከሆነ ታጥቦ ይወጣል። ከአንጓው በላይ ከሆነ ግን በሌላ ቀን፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ሞክሩ።

ንባቡን ራሱ ሦስት ጊዜ አድርጉት። አንዴ አንብባችሁ ጻፉ፣ ዓይናችሁን አንሱ፣ ደብተሩን ሳታዩ ሁለት ጊዜ ደግማችሁ አንብቡ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ያንብብ። አንዱ «እኔ ኬ ነው ያየሁት» ካለ በኋላ ሌላውም ኬ ያያል፤ የሰው ዓይን እንደዚህ ነው። ኮዱ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ ከታች ወደ ላይ፣ ይሄም ይጻፍ። ቀጥሎ ያሉት ጥንዶች ላይ ሁለት ጊዜ አስቡ፦ ኦ እና ዜሮ፣ አይ እና 1፣ ኤስ እና 5፣ ቢ እና 8፣ ዜድ እና 2፣ ሲ እና ጂ። ተዘቅዝቆ ሲታይ 6 እና 9ም አሉ።

አንድ ፊደል ካልታየ በቦታው ጥያቄ ምልክት አድርጉ። አትገምቱ። ጥያቄ ምልክት ያለበትን ኮድ ማዕከሉ ከሌላ መረጃ ጋር አገናዝቦ ሊደርስበት ይችላል፤ በግምት የተሞላውን ግን ማንም አይይዘውም፣ አንድ ሌላ ወፍ ያልሄደችበት አገር ሄደች ተብሎ ይመዘገባል። ምናልባት ያቺ ወፍ ሞታ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን አስነሣችኋት።

7. መዝገቡ

እዚያው ውሃ ዳር፣ ሳትነሱ ጻፉ። ዝርያ፣ ዕድሜ ከታወቀ፣ እግር፣ አንጓ፣ የቀለበቱ ቀለም፣ የፊደሉ ቀለም፣ ኮድ፣ የብረት ቀለበት መኖሩ፣ ምን እያደረገች እንደነበር፣ ከስንት ወፍ ጋር። እግሩን በቀላል መስመር ሥላችሁ ቀለበቶቹን በቦታቸው አስቀምጡ። ሥዕል ባትችሉም ሁለት ዱላ መሳል አያቅትም። የቦታውን ነጥብ ከስልካችሁ ካርታ ላይ ቅዱ፤ «ሐይቅ» ብቻ ማለት አይበቃም፣ የከተማውም የወረዳው ውሃም ስም ነውና።

የእኛ ሰው በተለይ የሚወድቅበት ቀንና ሰዓቱ ላይ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ብላችሁ ብትልኩ ፈረንጁ የስምንት ዓመት የቆየ መረጃ አድርጎ ይይዘዋል። ያ ቀን በእነሱ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ደግሞ በእነሱ 8:30 ነው፤ የእኛ ከሰዓት 10 ሰዓት 16:00 ይሆናል። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። ቤት ገብታችሁ እለውጠዋለሁ ያላችሁት ተረስቶ ይቀራል። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም ጻፉ፣ 1/12 ለአንዱ ዲሴምበር ለሌላው ጃንዋሪ እንዳይሆን።

ምንም ቀለበት ያልታየበት ቀንም ይመዝገብ።

8. ማንን እንጠይቅ?

የብረት ቀለበት ላይ ከቁጥሩ በተጨማሪ የማዕከሉ ስም አለ። ሄልሲንኪ ካለ የፊንላንድ ነው። ሄልጎላንድ፣ ራዶልፍዜል ወይም ሂደንዜ ካለ ጀርመን ነው፤ ሦስቱም የጀርመን ማዕከላት ናቸው። ግዳንስክ ፖላንድ፣ ማትሳሉ ኢስቶኒያ፣ ሞስኮ ሩሲያ። ከደቡብ የመጣ ወፍ ከሆነ ኬፕ ታውን ያለው ሳፍሪንግ ይሆናል። ስሙን ካነበባችሁ የዚያን ማዕከል ድረ ገጽ ፈልጋችሁ ቅጹን መሙላት ነው።

ካላነበባችሁ ዩሪንግ አለ። በ1963 የተቋቋመ፣ የአውሮፓን የቀለበት ማዕከላት የሚያስተባብር ድርጅት ነው። ድረ ገጹ ላይ ሪፖርት ይቀበላል፣ ወደሚመለከተው አገርም ያስተላልፋል። ባለ ቀለም ቀለበት ብቻ ከሆነ ያያችሁት፣ ዝርያውን፣ የቀለበቱን ቀለምና የፊደሉን ብዛት ይዛችሁ የባለ ቀለም ቀለበት ፕሮጀክቶችን ዝርዝር ፈልጉ፤ ያንን ቀለምና የፊደል ብዛት በዚያ ዝርያ ላይ የሚጠቀም ፕሮጀክት ከተገኘ ባለቤቱ ታወቀ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ አጭር መልእክት ይበቃል። ፎቶ ወይም ቪዲዮ አያይዙ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ፊደል በግልጽ ንገሯቸው፤ አያፍሩባችሁም፣ ይበልጥ ያምኗችኋል።

መልሱ በማግስቱ ሊመጣ ይችላል፣ ወራትም ሊፈጅ ይችላል። ሲመጣ የወፏን ማህደር ይዞ ነው፦ የታሰረላት ቀንና ቦታ፣ ያኔ ጫጩት መሆኗ ወይም አለመሆኗ፣ በመካከል የታየችባቸው ቦታዎች። ወፏ ከእናንተ በላይ አገር አይታ ልታገኟት ትችላላችሁ። ነጭ ሽመላም ሆነ ጥቁር ጀርባው ሲጋል ከ30 ዓመት በላይ መኖራቸው በቀለበት ተረጋግጧል፤ ስለዚህ «ይሄ አሮጌ ቀለበት ነው» ብላችሁ አትተዉት።

ጠቅላላ ቆጠራችሁን ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ ጫኑት፤ ነፃ ነው፣ በስልክ ይሠራል፣ ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ በኋላ ይልካል። አገር ውስጥ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ። የጥር ወሩን ቆጠራ ለመቀላቀል ወይም ዝርያ ለማረጋገጥ እነሱን ጠይቁ። ደሴ ያላችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ክፍልን አንኳኩ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም።

9. ቀለበቱን ሰው ይዞት ሲመጣ

ስማችሁ አንዴ ከታወቀ «ያ የወፍ ልጅ» ይሏችኋል፤ ከዚያ ሰው ቀለበት ይዞ ይመጣል። መረብ ውስጥ ገብታ የሞተች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የመታት፣ ውሻ የጎተታት። አትቆጡ። ሰውየው ከተቆጣችሁት ቀጣዩን ይጥለዋል። «ጎበዝ፣ እንኳን አመጣኸው፣ የት አገኘኸው? መቼ?» በሉት፤ ቀለበቱን በብርሃን እያዞራችሁ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ፣ ሙሉ ጽሑፉ እንዲታይ። የብረት ቀለበት ከሳሳና ጽሑፉ ከጠፋ አትፈግፍጉት፣ አታሹት፣ እንዳለ ይቀመጥ፤ ማዕከሉ ምን እንደሚደረግ ይነግራችኋል።

የሞተች ወፍ ራሷን ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩ። የወፍ ጉንፋን ቀልድ አይደለም። ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ እግሯን ብቻ አዙሩና ፎቶ አንሱ። ብዙ ወፍ በአንድ ላይ ሞቶ ካያችሁ ምንም ሳትነኩ የወረዳውን እንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።

በሕይወት ያለች ወፍ በገመድ ወይም በመረብ ተጠላልፋ ከተገኘች ፈትቶ መልቀቅ ነው፣ ቀለበቷን ሳያወልቁ። አንዳንዱ ሰው «ከበዳት፣ እናውልቅላት» ይላል። ለእግሯ ልክ ተመርጦ የታሰረ ነው፣ አይከብዳትም። ኮዱን ጻፉ፣ ልቀቋት፣ ቅጹን በዚያው ማታ ሙሉ።